ጠመንጃው ይዘፈንለታል፣ ቀጥቃጩ ይሰደባል

ምሥራቅ ጎጃም ጠመንጃ ይወዳል። ይህን ለመናገር ጥናት አያስፈልግም። ቢቸናም ይሁን ሞጣ፣ ሠርግ ቤት ቢገቡ ሽለላው ስለ ጠመንጃ ነው፤ ለቅሶ ቤት ቢቀመጡ የሟች ወንድነት የሚቆጠረው በጠመንጃው ነው፤ ከአሮጌ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የሚጠብቅዎትም እሱ ነው። እኛም የዚሁ አገር ልጆች ነን። ከመካከላችን ቢቸና የተወለድን አለን፣ ሞጣ የተማርንም አለን። ቀረርቶው ሲወርድ ፀጉራችን ይቆማል፤ ይህን አንክድም።

ነገር ግን በዚያ ሁሉ ፉከራ መሐል የማይነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ያ ጠመንጃ ሲሰበር ማን ጠገነው? ሰደፉን ማን ጠረበው? እርሳሱን አቅልጦ አረር ያደረገው ማን ነው? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም አይናገረውም። ቀጥቃጩ ነው። ከገበያው ዳር ወናፉን ይዞ የሚቀመጠው፣ የአገሩን ማረሻ የሚያሾለው፣ ጨዋ ነኝ ባይ ልጁን የማይድርለት፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል እየተባለ ሕፃናት የሚፈራሩበት ያ ሰውዬ ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ይህች አገር ጠመንጃን አንግሣ ባለእጁን ያዋረደች አገር ናት። ጉዳዩ የምግባር ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቶች እንተወው ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ያልፋል፤ ብዙ ደም ያስከፈለ፣ ዛሬም ዕውቀት እያስከፈለ ያለ ጥፋት ነው።

በአፈሙዙ የሚጎርስ

የዛሬ ወጣት ጠመንጃ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት ክላሽንኮቭ ነው። የጥንቱ ነፍጥ ግን የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነበር። ተኳሹ መጀመሪያ የተሰፈረ ባሩድ በአፈሙዙ ያፈሳል። ቀጥሎ ድቡልቡል የእርሳስ አረር በጨርቅ ጠቅልሎ ይከታል። ከዚያ በረጅም ዘንግ እየጠቀጠቀ እስከ ታች ያወርደዋል። እሳቱ በቀደሙት ነፍጦች ላይ ቀስ ብሎ ከሚጤስ ገመድ፣ በኋለኞቹ ላይ ከባልጩት ድንጋይ ፍንጣሪ፣ በመጨረሻዎቹ ላይ ደግሞ መዶሻዋ ከምትመታት ትንሽ የመዳብ ቆብ ይመጣል። ዝናብ ከጣለ ገመዱ ይጠፋል፣ ባሩዱም ይረጥባል። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ዳግመኛ እስኪጎርስ ድረስ ባለጦሩ ሮጦ ይደርሳል። ሕዝባችን ዘገምተኛውን ጠመንጃ ሁሉ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ የሚቀልድበት ወዶ አይደለም።

ቀልዱ ጥሩ ነው። ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። ቱቦውን ለመሥራት ረጅም የብረት ዝርግ በእሳት አግሎ በዘንግ ላይ መጠቅለል፣ ሁለቱን ጠርዞች እየቀጠቀጡ አንድ አካል እስኪሆኑ ማዋሐድ፣ ከዚያም ውስጡን ቀጥ አድርጎ መሰርሰር ይጠይቃል። መገጣጠሚያው አንድ ቦታ ላይ ከሳሳ ጠመንጃው የሚገድለው ባለቤቱን ነው። የኋላው ቀዳዳ የባሩዱን ግፊት በሚችል ብሎን መደፈን አለበት። ባሩዱም ከከሰል፣ ከድኝና ከአንድ ጨው መሳይ ማዕድን ተመጥኖ የሚወቀጥ ነው፤ ምጥኑ ከተዛባ ወይ ይከሽፋል፣ ወይ ወቃጩን ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው። ቴርሞሜትር ሳይኖረው የብረቱን ትኩሳት በቀለሙ የሚለይ፣ መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር በሲርታው የሚያውቅ ሰው ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ሊቅ ይባል ነበር። እዚህ አገር «ዓይኑ ይበላል» ተባለ።

ዓመቱ አንድ፣ ሻጩ አንድ

ሳያከብሩ መቅረት ምን እንዳስከፈለ ለማየት ወደ ኋላ ሄደን ሁለት አገሮችን ጎን ለጎን እናቁም።

በ1541 እ.ኤ.አ. ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ያህል ነፍጥ የያዙ ፖርቱጋሎችን ይዞ ምጽዋ ወረደ። ኢማም አሕመድም ከቱርክ የመጡ ነፍጠኞች ነበሩት፤ በ1542 ወፍላ ላይ ዳ ጋማን ድል ያደረገው በእነሱ ኃይል ነው። በየካቲት 1543 ደግሞ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ራሱ ተመትቶ ወደቀ። ሽምብራ ኩሬ ላይ በ1529 ጀምሮ አገሪቱን ያነደደው ጦርነት በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ትልቅ ድርሻ ኖሮት ተቋጨ። የነፍጥን ኃይል እንደኛ በሥጋው ያየ ሕዝብ ያን ጊዜ ጥቂት ነው።

በዚያው በ1543 ፖርቱጋሎች ታኔጋሺማ የምትባል የጃፓን ደሴት ደረሱ። የደሴቲቱ ገዢ ሁለት ነፍጥ ገዛ። ገዝቶም ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አልፎከረበትም። ያኢታ ኪንቤ የሚባል ሰይፍ ሠሪ አስጠርቶ አስመስለህ ሥራ አለው። ኪንቤ ቱቦውን ሠራ፤ የኋላውን ቀዳዳ የሚደፍነው ብሎን ግን አስቸገረው። በዓመቱ ከመጣ አንድ የፖርቱጋል ብረት ሠሪ ያንን ተማረና ሥራውን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ጃፓን ነፍጧን ራሷ ሠራች። በ1575 ናጋሺኖ ላይ ኦዳ ኖቡናጋ 3000 ነፍጠኛ አሰልፎ እንደነበር ይነገራል።

ዓመቱ አንድ፣ ሻጩ አንድ፣ ዕቃውም አንድ ዓይነት። ለመሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? የጃፓኑ ሰይፍ ሠሪ ስሙን በሰይፉ ላይ የሚቀርጽ የተከበረ ሰው ነበር። ጌታው ሲቸግረው የሚጠራው እሱን ነው። የኛው ብረት ሠሪ ርስት አይካፈልም፤ ከሰው እኩል ማዕድ አይቀርብም። ልጁም ሙያውን የሚወርሰው እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ እርግማን ነው።

«ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ይዘው በሩን ዘጉብን፣ ታሪክን በአንድ ምክንያት አታጥቡት» የሚለን ይኖራል። ልክ ነው፣ በሩ ተዘግቷል። ጃፓን ሰላም ነበረች፣ እኛ ግን ወድመን ነበር ቢባልም በከፊል እንቀበላለን፤ ጃፓንም ያኔ የርስ በርስ ጦርነት ላይ እንደነበረች ግን ይታወስ። ደግሞስ በሩ የተዘጋበት ሰው ነው በቤቱ ያለውን ባለሙያ ይበልጥ መፈለግ የነበረበት። ብረት ነበረን፣ የሚያቀልጡት ሰዎችም ነበሩን። የጎደለው ጠርቶ ከፊት የሚያስቀምጣቸው ነው።

ሙሴውና ጠይቡ

ይህን ከገባቸው ነገሥታት አንዱ አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የመድፍ መሥሪያ አቋቋሙ። በ1866 እ.ኤ.አ. ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩም የጠየቁት ባለሙያ ሠራተኞች ነው። ራሳቸውም ለመድፍ መንገድ ሲጠረግ ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ ነበር። እጅን ሥራ ማስነካት ለንጉሥ ውርደት እንዳልሆነ በተግባር አሳይተዋል።

ይሁንና ጋፋት ላይ አንድ የሚቆጭ ነገር አለ። መድፉን እንዲያቀልጡ የታዘዙት እነ ዋልድማየር ናቸው፤ ወንጌል ሊሰብኩና ሙያ ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን። መድፍ አቅልጠው አያውቁም ነበር፤ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው ተማሩ። በመጨረሻም 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴቫስቶፖል ተሠራ። ለነዚህ ሰዎች ማዕረግና ሽልማት ተሰጣቸው፣ ስማቸውም በመጽሐፍ ሰፈረ። ጭቃውን ያቦኩት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ወናፉን የነፉት የአገሬው እጆች ግን ስም የላቸውም። ሰባኪን ቀጥቃጭ ማድረግ ከተቻለ፣ ቀጥቃጭን መሐንዲስ ማድረግ ለምን ተሳነን? የፈረንጁ ብረት ሠሪ «ሙሴ» ተባለ፣ የኛው «ጠይብ» ሆኖ ቀረ።

ውጤቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ታየ። የንጉሡ ወታደር አብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥና ጦር ይዞ ወረደ። እንግሊዞች የያዙት ስናይደር በጀርባው የሚጎርስ ነው። ከኛ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ከእነሱ በቁስል የሞተው ሁለት ብቻ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልን። ስናይደር ከሰማይ የወረደ መሣሪያ አልነበረም። በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው አሮጌው ኤንፊልድ ጠመንጃ ነው፤ ከኋላው ተቆርጦ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ የተገጠመለት። በዚያ ቀን የረገፉት ሰዎች የረገፉት በብረት ሠሪ ማሻሻያ ነው። ያን ዓይነት ማሻሻያ ያወቀ አገር ብረት ሠሪውን ወርክሾፕ አስገባ፤ የኛ አገር ከቤተ ዘመድ አስወጣ።

ስማቸውን ያኖርንላቸው

ከመቅደላ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ ከተወው መሣሪያ ውስጥ 850 ያህል ነፍጥ ነበረበት፤ ካሳም አጼ ዮሐንስ ሆኑ። ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ሬምንግተን ተማረከ። ዓድዋ ላይ ደግሞ የተገዛው፣ የተማረከውና በስጦታ የመጣው ሁሉ ተሰለፈ። ድሉ ድል ነው፤ በዚያ ላይ ቅንጣት አናጓድልም። ነገር ግን እነዚያን ጠመንጃዎች የምንጠራባቸውን ስሞች እስኪ እንያቸው።

ሰናድር የምንለው ስናይደር ነው፤ አሜሪካዊው ያዕቆብ ስናይደር። ውጅግራ የፈረንሳዩ መኮንን የግራ ጠመንጃ ነው፤ ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ሲሉት እኛ ውጅግራ አልነው። ምንሽር ኦስትሪያዊው ማንሊከር ነው። ለበን ሌላው ፈረንሳዊ ለቤል ነው። ቤልጅግም ያው የአገር ስም ነው። እነዚህን የፈረንጅ ስሞች አገራችን በሽለላና በቀረርቶ ከመቶ ዓመት በላይ ስትጠራ ኖራለች። ጎጃም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስለ ምንሽር ሲያወራ ሳያውቀው የአንድ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ስም እያወደሰ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። ያንን ምንሽር ሰደፉ ሲሰበር የቀጠለው የእነማይ ሰው ማን ይባል ነበር? የሁለት እጁ እነሴው ባለእጅስ? አንድም ሽለላ ስሙን አይጠራውም።

አርበኛው ብቻውን አልተዋጋም

ቢቸናና ሞጣ ይህን ጥያቄ የመመለስ ግዴታ አለባቸው የምንለው በከንቱ አይደለም። ቢቸና የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር ናት። በአምስቱ ዓመት ወረራ የአርበኛው ጠመንጃ አብዛኛው ከጠላት የተማረከ ወይም ከአባት የተወረሰ ነበር። የተማረከ ጠመንጃ መርፌው ያልቃል፣ ምላጩ ይላላል፤ መለዋወጫ ደግሞ ከሮም አይላክለትም። ጫካ ውስጥ ይህን የሚያበጀው ከመንደር ቀጥቃጭ በቀር ማን ነበር? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም ጎጃም ሲነሳ ከአመፁ ዋና ማዕከሎች ሁለቱ ሞጣና ቢቸና ነበሩ። የዚያ ገበሬ መሣሪያም ከአባት የተረፈ አሮጌ ጠመንጃ እንጂ ከፋብሪካ የወጣ አልነበረም።

ለአርበኛው ዘፈን አለው፣ ታሪኩም ተጽፏል። ሲገባው ነው። አርበኛውን በጥይት ያላሳፈረውስ? ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ወናፉ ተመለሰ፤ ስድቡም አብሮት ተመለሰ።

ስድቡ ስህተት መሆኑን ደግሞ አገሪቱ የነገራት አጥታ አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ መስደብ እንዲቀር ከልክለዋል፤ አገር የሚቆመው በሠራተኛ መሆኑንም ተናግረዋል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ርስት ለሌለው ባለእጅ መሬት የማግኘት መብት ሰጥቷል። አንዱ አዋጅ አፍን ከለከለ፣ ሌላው መሬት ሰጠ። ልብን ግን አዋጅ አልደረሰበትም።

«ይህማ ድሮ ቀረ»

ይህን ጉዳይ ባነሳን ቁጥር የሚመጣልን መልስ ይህ ነው። ቀርቷል ለሚለን ሰው አንድ አጭር ፈተና አለን። ልጅህን ለቀጥቃጭ ልጅ ትድራለህ? ሽማግሌ ቢልክብህ አጥንቱን እስከ ሰባት ቤት ሳታስቆጥር «እሺ» ትላለህ? መልሱን ለኛ አትንገረን፤ ለራስህ ንገረው።

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። ያው ሰውዬ ወናፉን ጥሎ የብየዳ መሣሪያ ቢገዛ፣ ከመንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ «የብረታ ብረት ሥራ» የሚል ማስታወቂያ ቢሰቅል «ኢንጂነር» እየተባለ ይጠራል። ብረቱ ያው ብረት ነው፣ እሳቱም ያው እሳት ነው። አንደኛው በኤሌክትሪክ፣ ሌላው በከሰል መሥራታቸው ብቻ አንዱን ኢንጂነር ሌላውን ቡዳ ካደረገው፣ ቡዳነት ማለት የመብራት ቆጣሪ አለመኖር ነው ማለት ነው!

ሳቁ ግን ከባድ ነገር ይዟል። የተሰደበ ሙያ ወራሽ አያገኝም። ተማሪ ቤት በቅጽል ስም የተሰደበ የቀጥቃጭ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሸው የአባቱን ወናፍ ነው። ጎንደር ላይ በብረትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ያ ሁሉ የእጅ ዕውቀት ግን አብሯቸው ሄደ። ምሥራቅ ጎጃምም ነገ ማረሻ የሚያሾልለት ሰው ሲያጣ ያኔ ጸጸቱ ጤፍ አያበቅልም።

ምን እንላለን?

በመጀመሪያ ያላልነውን እንናገር። ማንም ጠመንጃ ይሥራ አላልንም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ያየውን አይተናል፤ ጠመንጃ አነሰን የሚል እብድ በመካከላችን የለም። የምንለው የአሮጌው ነፍጥ ታሪክ የተኳሽ ታሪክ ብቻ ተደርጎ መነገሩ ይብቃ ነው።

ሌላው ዓለም አሮጌውን ነፍጥ ምን እንዳደረገው እንመልከት። ሁለት ጊዜ የወረረችን ኢጣሊያ ውስጥ፣ ብሬሻ አጠገብ፣ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቤሬታ የሚባለው ቤተሰብ እዚያ ለቬኒስ 185 የነፍጥ ቱቦ የሸጠበት የ1526 እ.ኤ.አ. ሰነድ ዛሬም አለ። ሽምብራ ኩሬ ሊደረግ ሦስት ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው። በዚያችው ከተማ በ1957 የተቋቋመው ፔደርሶሊ ዛሬም በአፈሙዝ የሚጎርሱ ነፍጦችን በጥንቱ አምሳል እየሠራ ለዓለም ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ዓይነት ነፍጥ ወዳጆች በ1933 ማኅበር አቋቁመው ዒላማ ይወዳደሩበታል፤ ክፍል ክፍሉን ገዝተው ቤታቸው የሚገጥሙትም ብዙ ናቸው። የሞተው መሣሪያ ለእነሱ የሙያ ትምህርት ቤት ሆኗል። የሠሪውም ስም በብረቱ ላይ ተቀርጿል።

እኛ የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው።

አንደኛ፣ በየቤቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዕቃ ቤት ያለው የማይተኩስ አሮጌ ነፍጥ ይመዝገብ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ስለሚተኩሰው ይጨነቅ፤ ሥራው ነው። ባሩዱ ካለቀ መቶ ዓመት ያለፈው ነፍጥ ግን ጉዳዩ ከቅርስ አዋጁ፣ ከቁጥር 209/1992 ጋር ነው። ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ከመሸጡ በፊት ሰው ይየው።

ሁለተኛ፣ ሲመዘገብ የማን እንደነበረ ብቻ አይጻፍ። ማን እንደጠገነው ይጠየቅ። ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ የቀጥቃጩ ስም ከባለ ጠመንጃው ስም ጎን ይስፈር። የሚያስወጣው ወጪ አንድ መስመር ቀለም ነው።

ሦስተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ከካታሎግ ላይ ከሚያስተምሩት ጎን ለጎን ብረትን በቀለሙ የሚያነበውን ሰው ወደ ክፍል ያስገቡት። በአስተማሪነት፣ በደመወዝ፣ «መምህር» ተብሎ።

አራተኛው ግን ገንዘብም አዋጅም አይፈልግም። በሚቀጥለው ሠርግ ሽለላው ሲጀመር፣ ጠመንጃው ሲወደስ፣ ከዳር የተቀመጠውን ሰው አስነሥተው ከማዕዱ ያቅርቡት። ይህን ማድረግ የሚያስፈራው አገር በጠመንጃው ጀግና ነኝ ባይል ይሻለዋል።